«መርከብ» እያልን በጣና የሄድንባቸው ዓመታት

ልጄ ሰላም ባለፈው ወር ከባሕር ዳር ደወለችና «እማዬ፣ የጋብቻችን አሥረኛ ዓመት ነው፤ ክሩዝ ይዘናል፤ አንቺም አለሽበት» አለችኝ። ምንድን ነው እሱ ደግሞ ብላት «በጀልባ ጣና ላይ መዝናናት ነው፤ ምሳ አለው፣ ሙዚቃ አለው፣ ፎቶ አንሺም አለው» አለች። እንግዲህ ጣናን ለእኔ ልታስተዋውቀኝ ነው። እሷ ገና በእንብርክኳ ስትድህ በየዓመቱ የተመላለስኩበትን ውሃ፣ ዛሬ የፈረንጅ ስም አውጥተውለት ከሰማይ የወረደ ነገር አስመስለው ይጠሩኛል። የአሁን ሰው ስም ካላወጣለት ነገሩ የተደረገ አይመስለውም፤ ፎቶ ካላነሣውማ የኖረም አይመስለው። ስልኩን ዘጋሁና ደብረ ታቦር ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ቆይቼ ግን ትንሽ አፈርኩ፤ ምክንያቱም እኛም ከእነሱ አንሻልም ነበር። እኛ ደግሞ «መርከብ» ነበር የምንለው።

መርከብ ይሏችኋል። እንጨትና እህል ሲያመላልስ የሚከርም የብረት ሞተር ጀልባ ነው፤ ናፍጣው ይሸታል፣ ወለሉ ላይ የሽንብራና የጤፍ ርጋፊ አለበት፣ ወንበሩ ጣውላ ነው። ባሌ መኮንን ግን ከጳጉሜን ጀምሮ ለጎረቤቱ ሁሉ «ከመስቀል በኋላ በመርከብ እንሄዳለን» እያለ ያወራል። እሱ በምንሠራበት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበር፤ እኔ እዚያው ታይፒስት ነኝ፤ ጓደኛው በላቸው የሒሳብ ሹም ነው። እኛ፣ በላቸው ከሚስቱ ከያየሽ ጋር፣ ደግሞ ሌሎች ሁለት የመሥሪያ ቤት ባልና ሚስቶች፣ በጠቅላላው አራት ጥንድ ነበርን። ዘመኑ ስብሰባ የሚበዛበት ዘመን ነበር። ለስለት እሄዳለሁ፣ ገዳም እሳለማለሁ ብሎ ፈቃድ መጠየቅ አይሞከርም። ቅጹ ላይ «ለመዝናናት» ብለን እንሞላለን፤ የመሙያ ጽሑፉን የምተይበው ደግሞ እኔው ነኝ። አለቃችንም እያወቀ እንዳላወቀ ይፈርማል፤ የእሱም ሚስት የምትልከው ሻማ ከኔ ቦርሳ ጠፍቶ አያውቅም።

አለባበሳችንን ብታዩ ትስቁብን ነበር። ወንዶቹ ሳፋሪ ሱፍ ይለብሳሉ፤ ሱሪው ከጉልበት በታች ሰፍቶ መሬት ይጠርጋል፣ የሸሚዙ ኮሌታ ትከሻ ድረስ ይዘረጋል። እኛ ሴቶቹ ጸጉራችንን በቢጎዲን ጠቅልለን አድረን፣ ታኮ ጫማ አድርገን፣ በደረቅ መሬት እንኳ የማያስኬደውን ጫማ ጀልባ ላይ ልንወጣበት እንነሣለን። የአውቶቡሱ ታሪፍ አራት ብር ከሃምሳ ነበር መሰለኝ፤ መንገዱ ጠጠር ነው፤ ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ወረታ እስክንደርስ ሁለት ጊዜ ወርደን እንገፋለን። ማለቴ ወንዶቹ ይገፋሉ። ሳፋሪ የለበሰ የሒሳብ ሹም ከጭቃ ውስጥ አውቶቡስ ሲገፋ እንደ ማየት ያለ መዝናኛ እስከ ዛሬ አላየሁም። ዛሬ በዚያው መንገድ አስፋልቱን ይዞ ሚኒባሱ ይበራል፤ ተሳፋሪው አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቶ ነው የሚደርሰው፤ የፎገራ ሜዳ በአደይ ቢጫ ሆኖ በመስኮቱ ሲያልፍ ቀና ብሎ የሚያይ የለም። በእኛ ጊዜ ያየሽ ድፎ ዳቦውን ጭኗ ላይ አድርጋ ትሄዳለች፤ ብርቱካኑ በዘንቢል፣ ጠላው በጄሪካን ነው። ቴፑ ስድስት የባትሪ ድንጋይ ይበላል። ድንጋዩ ሁልጊዜ ወደ ባሕር ዳር ስንቃረብ ያልቅና ዘፋኙ ድምፁ እየወፈረ፣ እየጎተተ፣ በመጨረሻ እንደ ታመመ በሬ አጉረምርሞ ዝም ይላል። በላቸው ድንጋዩን አውጥቶ በጥርሱ ይነክሰዋል፤ እንደዚያ ሲደረግ ነፍስ ይዘራል ይባል ነበር። የተማረ ሰው ነው እንግዲህ።

ጀልባው ላይ ስንወጣ መኮንን ፊት ላይ ቆሞ እጁን ወገቡ ላይ ያደርጋል፤ የሚነዳው ሌላ፣ የሚያዘው እሱ። «ወደ ግራ! ወደ ግራ!» ይላል፤ ነጂው የዘጌ ሰው ነው፣ ውሃውን እንደ ጓሮው ያውቀዋል፣ ዝም ብሎ ወደ ቀኝ ይሄዳል። አንዲት የወንዶች ገዳም ያለባት ደሴት አለች፣ ሁልጊዜ የምንሄደው እሷ ዘንድ ነው። ሴት ከወደቡ አታልፍም። ሥርዓቱ ነው፤ በሥርዓቱ ቅር ብሎኝ አያውቅም። ቅር የሚለኝ ወንዶቹ ሲወርዱ ነው። ሲወጡ ስለ እድገትና ስለ ቢራ እያወሩ የወጡ ሰዎች፣ ሲወርዱ አባ ሆነው ይወርዳሉ። እርምጃቸው ይቀዘቅዛል፣ ድምፃቸው ይወርዳል፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ፤ በላቸው ደግሞ በግዕዝ ጣል ያደርግበታል፣ የሚያውቀው ሁለት ቃል ነው። እኛ ዋርካው ሥር ታኳችንን አውልቀን፣ እግራችንን ውሃው ውስጥ ነክረን፣ ብርቱካን እየላጥን ስናማቸው እንውላለን። እውነቱን ልናገርና፣ ከዚያ ሁሉ ጉዞ ጥሩው ያ ነበር። ያየሽ የባሏን አረማመድ ስታስመስል ሳቄ መጥቶ አንድ ጊዜ ውሃው ውስጥ ወድቄአለሁ።

ሰላም በሦስት ዓመቷ ታመመችብኝ። ትኩሳቱ አልወርድ ብሎ፣ ዓይኗ አልገለጥ ብሎ፣ ሐኪሙም እኔን ማየት ፈርቶ ወረቀት ወረቀቱን ሲያይ ተሳልኩ። «ልጄን ማርልኝ እንጂ ለደሴቲቱ ታቦት ቀይ ከፋይ ጥላ አገባለሁ» አልኩ። ዳነች። ከፋዩን ከደብረ ታቦር ገበያ ከሼህ ሱቅ መርጬ፣ ዘርፉን በወርቃማ ክር ራሴ ሰፍቼ፣ ሽቦና እጀታውን አሠርቼ፣ በነጠላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ ሄድኩ። ወደቡ ላይ ስንደርስ ለመኮንን ሰጠሁት። «እንዳይነካ፣ መሬት እንዳታስነካው» አልኩት። «ልጅ ነኝ እንዴ?» አለኝ። አራቱም ተያይዘው ወጡ። ብዙም ሳይቆይ ዶፍ ዝናብ ጣለ፤ እኛ ዋርካው ሥር ተጠጋን። ሲወርዱ እንደ አይጥ በስብሰዋል፤ መኮንን «ገባ። ተቀበሉን፣ መረቁን» አለኝ። እዚያው ወደቡ ላይ ቆሜ እልል አልኩ። ያየሽም፣ ሌሎቹም ሴቶች አብረውኝ እልል አሉ። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፉ፤ እኔ ደግሞ ትሕትና መሰለኝ።

ከዚያ ዓመት ወዲያ ነው እንግዲህ የእኔ የምለው ትዝታ የሚጀምረው። በሚቀጥለው ዓመት ወደቡ ላይ ስንደርስ መኮንን «ጉልበቴን አሞኛል፣ እናንተ ውጡ፤ እኔ ከጥሩወርቅ ጋር እቀራለሁ» አለ። ሦስቱ ሳቁበት፤ በላቸው «ቀሚስ እንግዛልህ?» አለው። እሱ ግን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ እግሩን ውሃው ውስጥ ነከረ። ብርቱካን ላጠልኝ፤ ፍሬውን እየለቀመ፣ ነጩን ክር እያወጣ፣ አንድ አንድ አድርጎ ይሰጠኛል። ቤት ውስጥ ውሃ እንኳ ቀድቶ የማይጠጣ ሰው ነው። በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ፤ በሚቀጥለውም። ጉዞው በየምክንያቱ እስኪቀር ድረስ ሰባት ይሁን ስምንት ጊዜ አብሮኝ ተቀምጧል። ሴቶቹ ቀኑብኝ። ያየሽ «ምን አስነካሽው?» ትለኝ ነበር። ሥራ ላይ የሚያስቆጣ፣ ቤት ውስጥ የሚያናድድ፣ ተራ ሰው ነበር መኮንን፤ ስለ ንብረት ክፍሉ ሲያወራ እንቅልፍ ያስወስዳል። ነገር ግን በተጣላን ቁጥር ያንን ብርቱካን አስታውስና እተወዋለሁ። ከሞተም ስድስት ዓመቱ ነው፤ ስለ እሱ ሲጠይቁኝ የማወራው ይህንኑ ነው።

እና ሰላም የያዘችልኝ ቀን ደረሰና ከደብረ ታቦር ሚኒባስ ይዤ ሄድኩ። ሐሙሲት ስንደርስ ሾፌሩ ተሳፋሪ ሊጨምር ቆመ፤ ገበያ ስለነበር ሰዉ ይተራመሳል። በመስኮቱ ሳይ አንድ ሱቅ ደጃፍ፣ ጋቢ ለብሶ፣ ከዘራውን ጉልበቱ መካከል አድርጎ፣ በላቸው ተቀምጧል። ልጁ ዘንድ ሐሙሲት ገብቷል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ያየሽ ከሞተች ወዲህ ግን አላየሁትም። ስጠራው ዓይኑን አጨንቁሮ አየኝና እግሩን እየጎተተ መጣ።

«ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ እርስዎ ነዎት?» አለ።

ዕድሜ ልኩን አንቺ ሲለኝ የኖረ ሰው ነው። ያኔውኑ ነገር እንዳለ ጠረጠርኩ። «አንተ ደግሞ መቼ ነው ጨዋ የሆንከው?» አልኩት።

«ወዴት ነው መንገዱ?»

«ጣና። ሰላም ክሩዝ ይዛልኛለች፤ መርከብ ማለት ነው።»

ሰላም ስል ፊቱ ተለወጠ። «ይውረዱልኝ» አለኝ። «አንድ ነገር ልንገርዎት። የንስሐ አባቴ ሳትነግራት እንዳትሞት ብለውኛል።»

ረዳቱ «እማማ፣ እንሄዳለን» አለ። ሂድ አልኩት፤ የሚቀጥለውን እይዛለሁ። ሱቁ ደጃፍ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። በላቸው መሬት መሬት እያየ፣ በከዘራው አፈር እየጫረ ነገረኝ።

«ስለቱን ይዘን ግማሽ መንገድ ስንደርስ ያ ዝናብ መጣ» አለ። «ጥላውን እኔ ነኝ የዘረጋሁት። መኮንን ተው ብሎኝ ነበር። ተው፣ የስለት ነው አለኝ። ኮቴ አዲስ ነበር፣ ከአስመራ ያስመጣሁት። ለአንዴ ነው ብዬ ከእጁ ወስጄ ዘረጋሁት።»

«እሱስ?»

«እሱም... ሥሩ ገባ። አራታችንም ገባን። ከዚያ ንፋሱ መጣና ገለበጠው። ሽቦው ተሰበረ። ቀለሙም ይለቅ ጀመረ፤ ከፋዩ አልረጋም ኖሯል። የታቦት ጥላ ተጠልለንበት፣ በእጃችን ተሰብሮ፣ ይዘን ምን ብለን እንግባ? ቁጥቋጦ ሥር አድርገን ቅጠል አለበስነው። ላንነግር ተማማልን።»

ቀለሙ መልቀቁን አውቃለሁ። ያን ቀን የመኮንን ነጭ ሸሚዝ ኮሌታው ቀልቶ ነበር፤ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው የቤተ ክርስቲያኑ መጋረጃ ነክቶኝ ነው አለኝ፤ እኔም ሁለት ቀን ሙሉ በሳሙና ሳሽቼው፣ በረከት ነው ብዬ ትንሽ ቅላቱን ትቼለት ነበር። አራት የተማሩ ወንዶች። አንድ ጥላ አድርሱ ቢባሉ ለአንድ ኮት ብለው የልጄን ነፍስ ዋጋ ቁጥቋጦ ሥር ጥለው፣ መጥተው እልልታዬን ሰሙ።

«ኮቱስ ምን ሆነ?» አልኩት።

«ተበላሸ» አለ። «ቀለሙ አልወጣ አለ።»

«ደግ አደረገ።»

ከዚያ፣ ያልጠየቅሁትን፣ ባይነግረኝ የምመርጠውን ጨመረልኝ። «መኮንንማ ከዚያ ወዲያ መውጣት ፈራ። በየዓመቱ ወደቡ ላይ ሲደርስ ጉልበቴን ይላል። ምን ጉልበት አለ፣ ከእኔ ይሻል ነበር። በታቦቱ ፊት መቆም ፈርቶ ነው እንጂ።»

ይሄ አንጀቴን ቆረጠው። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝና ከስለቱ ይልቅ ያቃጠለኝ እሱ ነው። ስለቱን በማግስቱ ልከፍለው እችላለሁ፤ ጥላ እንደሆነ ሞልቷል። ያን ብርቱካን ግን ከየት አመጣዋለሁ? ለእኔ ብሎ መስሎኝ ሠላሳ ምናምን ዓመት ስኮራበት ኖርኩ፤ ለካ ፈርቶ ነው የተጠጋኝ። ለበላቸው ይህን አልነገርኩትም። «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብዬው ተነሣሁ፤ እጄን ሊስም ሲል ሰበሰብኩት። ቀጣዩን ሚኒባስ ይዤ እስከ ባሕር ዳር ድረስ መኮንንን በልቤ ስሰድበው ሄድኩ። ፈሪ፣ ውሸታም፣ ብርቱካን ልጦ የሚሸነግል፣ እያልኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይታ ጸሎት የማደርስ መስሏት የስልኳን ድምፅ ቀነሰችልኝ።

ባሕር ዳር ስገባ ሰላም ዘንድ ከመሄዴ በፊት የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ገብቼ ቀይ ከፋይ ጥላ ገዛሁ። የመኪና ስፌት ነው፤ ዘርፉን ሳየው አሳዘነኝ። ነጠላዬን አውልቄ ጠቀለልኩት። ጀልባው ዘንድ ስደርስ ሰላምና ባሏ ቆመዋል፤ ጓደኞቻቸውም አሉ፣ ሁሉም ብርቱካናማ የውሃ ጃኬት አጥልቀው የመንገድ ሥራ ሠራተኛ መስለዋል። ድምፅ ማጉያው ይጮኻል። እንዲህ በሚያስጮህ ነገር ውስጥ ለመነጋገር ሲሉ ጣና ድረስ መምጣታቸው አይገባኝም። ሰላም አቅፋ ስማኝ «ምንድን ነው የያዝሽው?» አለች፤ ገለጥ አድርጌ አሳየኋት። ባሏ ወዲያው ስልኩን አወጣ።

«እንዴት ያምራል! እማማ፣ እስኪ ይዘርጉትና ሁላችንም ሥሩ ቆመን አንድ ፎቶ» አለና እጁን ዘረጋ።

«እጅህን ሰብስብ» አልኩት። እንዴት እንዳልኩት አላውቅም፤ ድምፅ ማጉያውን እንኳ አንድ ሰው ቀነሰው። ልጁ ክፉ አይደለም፤ የማያውቀውን ነው የነካው። እነዚያ ግን ያውቁ ነበር።

ለነጂው ደሴቲቱ ዘንድ አቁምልኝ አልኩት። «ፕሮግራሙ ላይ የለም» አለኝ። እኔም ለሰላም የሆነውን ሁሉ፣ ሕመሟን፣ ስለቱን፣ ዝናቡን፣ በላቸው የነገረኝን፣ ጀልባው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለን ነገርኳት። የብርቱካኑን ብቻ አልነገርኳትም። ዓይኗ እንባ ሞላና ሄዳ ለነጂው እሷ ነገረችው። መንገዱ ረዥም ነው፤ ውሃውን እያየሁ የንዴቴን ሒሳብ ሳወራርድ አንድ ያላሰብኩት ነገር መጣብኝ። አራቱም ነበሩ ጥላው ሥር የገቡ። በሚቀጥለው ዓመት ሦስቱ ወጡ። በየዓመቱ ወጡ። ያ ቁጥቋጦ አጠገብ አልፈው ወጡ፣ ተሳለሙ፣ ሲወርዱም ያንኑ የአባ እርምጃ እየተራመዱ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ወረዱ። በላቸው በግዕዝ ጣል አደረገበት። ያፈረው መኮንን ብቻ ነው። አፍሮም ከሁሉ ቦታ መርጦ የተቀመጠው የበደላት ሴት አጠገብ ነው፤ አፉ አልከፈት ብሎት ብርቱካን ላጠላት። ለእኔ ብሎ አይደለም ብዬ ነበር። ለማን ብሎ ነው ታዲያ?

ወደቡ ላይ ስንደርስ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ዋርካው ሥር ተቀምጠው ነበር። ወረድኩና መስቀላቸውን ተሳለምኩ። «አባ፣ ስለት ነው» አልኳቸው። «ወደ ላይ የሚያወጣልኝ፣ የሚታመን ሰው...»

«እዚሁ እንቀበላለን፣ እናቴ» አሉ፤ እጃቸውንም ዘረጉ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ በልጅነቴ ስመጣም እንዲሁ ነበር። የሴቶች ስለት እዚህ ነው የሚሰጥ። ሌላ ሰው ለምን ይሸከመዋል?»

ሰላም አየችኝ። ከት ብዬ ሳቅሁ፤ መነኩሴው የሚያስቅ ነገር የተናገሩ መስሏቸው እሳቸውም ፈገግ አሉ። በየዓመቱ እዚህ ዋርካ ሥር አራት ሴቶች ቁጭ ብለን ወንዶቻችንን ስናማ ስንውል አንዳችንም ጠይቀን አናውቅም። ወንዶቹን ስንቃቸው የኖርኩት እኔው ራሴ መጠየቅ አፍሬ የኖርኩ መሆኔን አሁን አየሁ። ነጠላዬን ፈትቼ ጥላውን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። መሬት አልነካም። አባ ግንባራቸውን አስነክተው ሳሙትና በትከሻቸው ላይ አደረጉት።

«በማን ስም ላሳርግ?» አሉኝ።

ከባሕር ዳር ጀምሮ የራሴን የክርስትና ስም ነበር ስል የመጣሁት።

«ኃይለ ሚካኤል» አልኩ።

«ልጅዎ ነው?»

«ባሌ ነው። ዐርፏል።»

«የእርስዎስ ስም?»

«የእኔ ይቆይ፣ አባ» አልኩና ዋርካው ሥር ተቀመጥኩ። «እሱ ይውጣ። እኔ እዚህ ሆኜ እጠብቀዋለሁ።»